በባሌ ደጋ ወንዞች ስለሚደረገው የዝንብ መንጠቆ ጉዞ የቀረበ ሒስ

ወደ ባሌ ተራሮች ለሚመጡ እንግዶች ከሚቀርቡት መዝናኛዎች አንዱ፣ በወይብ፣ በዳንካና በአካባቢያቸው ባሉት ወንዞች ትራውት የተባለውን ዓሣ በሰው ሠራሽ ዝንብ ማጥመድ ነው። ጉዞው ብዙውን ጊዜ በቡድን ይደረጋል፤ መንገድ የሚያሳይ መሪ፣ ጓዝ የሚሸከሙ ፈረሶች፣ ምግብ የሚያበስል ሰው አብረውት ይሄዳሉ። ይህን የመሰለ ጉዳይ በምርምር መጽሔታችን ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባልን? የሚል አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን አጭር ነው። የመዝናኛ ልማድ እንደ ሠርግና እንደ ለቅሶ፣ እንደ እርሻና እንደ ገበያ ሁሉ የሰው ሥራ ነው፤ የራሱ ሕግ፣ የራሱ ቋንቋ፣ የራሱም ታሪክ አለው። ይልቁንም የአንድ አገር ወንዝ የሌላ አገር ሰው መዝናኛ በሚሆንበት ጊዜ፣ ወንዙ የማን ነው? ዓሣውስ የማን ነው? ስለ ወንዙ የመናገር መብትስ ለማን ነው? የሚሉት ጥያቄዎች ይነሣሉ። እነዚህም ጥያቄዎች የመዝናኛ ብቻ አይደሉም።

የዚህ ሒስ ዓላማ ዓሣ አጥማጆችን ለማውገዝ አይደለም። በቀዝቃዛ ወንዝ ዳር በጸጥታ መቆም ለሰው መንፈስ ምን ያህል ዕረፍት እንደሚሰጥ አንክድም። የምንመረምረው ሦስት ነገር ነው፤ አንደኛ ስለ ጉዞው የሚነገረውን ቃል፣ ሁለተኛ አጥማጆቹ የሚመኩበትን ምግባር፣ ሦስተኛ ዓሣው በወንዙና በወንዙ ዳር በሚኖረው ሕዝብ ላይ ሊያመጣ የሚችለውን ውጤት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

1. የጉዞው አሠራር

ነገሩን ላላዩት ጓደኞቻችን በመጀመሪያ አሠራሩን መግለጽ ያስፈልጋል። በተራ መንጠቆ የሚያጠምድ ሰው ትል ወይም ሥጋ ሰክቶ፣ በገመዱ ጫፍ እርሳስ አስሮ ወደ ውኃው ይጥላል፤ ገመዱን የሚወስደው የእርሳሱ ክብደት ነው። በዝንብ መንጠቆ ግን ማጥመጃው ላባና ክር የተጠመጠመበት፣ ክብደት የሌለው ትንሽ መንጠቆ ስለ ሆነ በራሱ ሊወረወር አይችልም። ስለዚህ ክብደቱን ለገመዱ ሰጥተውታል። አጥማጁ ረዘም ያለውን ዘንግ ወደ ኋላና ወደ ፊት እያወዛወዘ ወፍራሙን ገመድ በአየር ላይ ይዘረጋል፤ ገመዱም በጫፉ ያለውን ቀጭን ክርና ዝንቡን ይዞ ይሄዳል። ዝንቡ በውኃው ገጽ ላይ እንደ እውነተኛ ነፍሳት ቀስ ብሎ ካረፈ ትራውቱ ብቅ ብሎ ይጐርሰዋል። ሌላው ዓይነት ደግሞ ከውኃው በታች በድንጋይ መካከል የሚኖረውን የነፍሳት እጭ የሚመስል ነው።

እንግዲህ ይህ ጥበብ ትዕግሥትንና ዕውቀትን ይጠይቃል። በየትኛው ሰዓት የትኛው ነፍሳት እንደሚፈለፈል፣ ዓሣው በየትኛው ድንጋይ ጀርባ እንደሚያደባ፣ ጥላ በውኃው ላይ እንዳይወድቅ ከየት ወገን መቅረብ እንደሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። ትራውት ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ወራጁ አዙሮ ስለሚቆም፣ ብልኅ አጥማጅ ከታች ወደ ላይ ከጀርባው ይቀርበዋል። በቡድን ሲሆንም መሪው ወንዙን በክፍል በክፍል አካፍሎ እያንዳንዱን እንግዳ በየድርሻው ያሰማራዋል፤ አንዱ ያናወጠውን ውኃ ሌላው ወዲያው አይነካውም። ስለዚህ የጉዞው ፍሬ የሚያምረው ወይም የሚበላሸው በመሪው ዕውቀት ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

2. ዓሣው ከየት መጣ

ትራውት የባሌ ተወላጅ አይደለም። ቡናማው ትራውት የአውሮፓና የምዕራብ እስያ፣ ቀስተ ደመና የተባለው ደግሞ በሰላማዊ ውቅያኖስ ዙሪያ ያሉት የሰሜን አሜሪካና የሩቅ ምሥራቅ ወንዞች ዓሣ ነው። ሁለቱም ቀዝቃዛና አየር የበዛበት ውኃ ይወዳሉ፤ የውኃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ይጨነቃሉ። ስለዚህ በምድር ወገብ አጠገብ ሊኖሩ የሚችሉት በከፍተኛ ደጋ ብቻ ነው።

ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የመጡበት መንገድ ራሱ የታሪክ ትምህርት ነው። በ1905 ዓ.ም. ኤዋርት ግሮጋን የተባለው እንግሊዛዊ ከስኮትላንድ ሎክ ሌቨን የቡናማ ትራውት እንቍላል አስመጥቶ በኬንያ አበርዴር ተራሮች ወንዝ ውስጥ አራባ። የኬንያን ደጋ መሬት የያዙት ሰፋሪዎች አገራቸውን እንዲመስልላቸው ከጽጌረዳውና ከፈረስ ግልቢያው ጋር ዓሣውንም ይዘው መጡ ማለት ነው። ከኬንያም ዓሣው በ1960ዎቹ መጨረሻ ግድም ወደ ባሌ ወንዞች ገባ። እንግዲህ ዛሬ በወይብ ዳር ቆሞ ቡናማውን ትራውት የሚይዝ እንግዳ የሚያገኘው የኢትዮጵያን ተፈጥሮ ሳይሆን፣ ከስኮትላንድ ተነሥቶ በኬንያ ያደረ፣ በመጨረሻም በባሌ የሰፈረ ስደተኛ ነው።

ወንዙስ? ወይብ ከባሌ ተራሮች ተነሥቶ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ባለችው በዲንሾ አካባቢ አልፎ፣ ወደ ምሥራቅ ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ቆላ ወርዶ ከገናሌ ጋር በመቀላቀል የጁባ ወንዝ ውኃ ይሆናል። የባሌ ተራሮች ውኃ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ለ12 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንደሚደርስ ይገመታል። የሶፍ ዑመር ዋሻም ስሙን ያገኘው በውስጡ ተጠልለው ነበር ከሚባሉት ሼክ ሲሆን፣ ምእመናን እየተጓዙ የሚሳለሙት ቦታ ነው። ያው አንድ ወንዝ ከላይ መዝናኛ፣ ከታች መሳለሚያ፣ ከዚያም ወዲያ የግመልና የሰው መጠጥ ነው።

3. ስለ አነጋገሩ

የዝንብ መንጠቆ ጉዞን የሚያስተዋውቁ ጽሑፎች በየትም አገር ቢሆን የሚወዷቸው ቃላት አሉ፤ «ሩቅ»፣ «ያልተነካ»፣ «ሰው ያልደረሰበት» የሚሉት ናቸው። እነዚህን ቃላት በባሌ ላይ አስቀምጠን እንመርምራቸው።

«ሩቅ» የሚለው ቃል ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ከየት? ተብሎ መጠየቅ አለበት። ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከለንደንማ ይብሱን ትርቃለች። በዲንሾ ለተወለደ ልጅ ግን ወይብ ከብት የሚያጠጣበት፣ ልብስ የሚያጥብበት፣ ክረምት ሲሞላ የሚፈራው የደጁ ወንዝ ነው። ለእርሱ ሩቁ ለንደን ነው። ስለዚህ «ሩቅ ወንዝ» የሚለው አባባል ስለ ወንዙ አንዳች አይነግረንም፤ የሚነግረን ተናጋሪው የቆመበትን ስፍራ ነው። ሳያስበውም የወንዙን ባለቤቶች ከታሪኩ ውጭ ያደርጋቸዋል።

«ያልተነካ» የሚለው ቃል ደግሞ ከዚህ የባሰ ስሕተት ነው። የባሌ ኦሮሞዎች ጎዳንቱ በሚሉት ሥርዓት ከብቶቻቸውን እንደ ወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ ሲያዛውሩ ኖረዋል፤ ሆራ የሚሉትን ጨዋማ ምንጭ ለከብቱ ለማጠጣት ረዥም መንገድ ይጓዛሉ። እንግዳው «ዱር» የሚለው ሜዳ እንግዲህ የግጦሽ መሬት ነው፤ የሚረግጠውም ቀጭን መንገድ የከብት መንገድ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን «ያልተነካ» የተባለው ወንዝ በሰው እጅ በመጣ ዓሣ የተሞላ መሆኑ ነው። አጥማጁን ወደዚያ የወሰደው ነገር ራሱ ወንዙ የተነካ ለመሆኑ ምስክር ነው። ትራውቱ ባይገባ ኖሮ ጉዞው ባልኖረም ነበር።

ይህ የቃል ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል። ቃል ሥራን ይመራል። አንድ ቦታ «ባዶ ነው» ከተባለ በዚያ የሚኖር ሰው እንደ ሰርጎ ገብ ይቈጠራል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ግድም ተቋቁሞ፣ ወሰኑ በ2014 በሕግ ጸንቶ፣ በ2023 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ፓርኩ የቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ዋነኛ መጠጊያ በመሆኑ ይህ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን በፓርኩ ውስጥ ያለው የሰፈራና የግጦሽ ጉዳይ ለረዥም ዘመን ሲያከራክር የኖረ ከባድ ጉዳይ ነው። እረኛው ከብትህን አውጣ እየተባለ፣ እንግዳው ዘንጉን ይዞ እንዲገባ ሲፈቀድለት፣ ልዩነቱ በጥሩ ምክንያት እንኳ ቢሆን ምክንያቱ በግልጽ መነገር አለበት። «ሰው ያልደረሰበት» የሚለው አነጋገር ይህን ምክንያት ከመናገር ያድናል፤ ጥፋቱም እዚህ ላይ ነው።

4. ስለ ጽሑፉ ቅርስ

የዝንብ መንጠቆ ከሌሎች መዝናኛዎች የሚለየው ሰፊ ሥነ ጽሑፍ ያለው በመሆኑ ነው። ስለዚህም የጉዞውን አነጋገር ከቅርሱ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል።

በ200 ዓ.ም. ግድም የነበረው ኤሊያን የተባለው ጸሓፊ የመቄዶንያ ሰዎች ቀይ ሱፍና ላባ በመንጠቆ ላይ እየጠመጠሙ ዓሣ እንደሚይዙ ጽፏል። ልብ እንበል፤ ጸሓፊው እንግዳ ነው፣ ጥበቡ ግን የወንዙ ልጆች ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1653 እንግሊዛዊው አይዛክ ዋልተን ስለ ዓሣ ማጥመድ በጭውውት መልክ የጻፈው መጽሐፍ ታተመ፤ በዚህም መጽሐፍ ማጥመድ የአስተዋይና የጸጥተኛ ሰው ሥራ ሆኖ ቀረበ። በ1676 ደግሞ ወዳጁ ቻርልስ ኮተን ስለ ዝንብ መንጠቆ ሁለተኛ ክፍል ጨመረበት።

ይህ የኮተን ክፍል ለጉዳያችን ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል። በውስጡ አንድ መንገደኛ ወደ ደርቢሻየር ተራራማ አገር ሲመጣ፣ የአገሩ ሰው የሆነው አጥማጅ ተቀብሎ ወደ ደቭ ወንዝ ይወስደዋል፤ ቤቱ ያሳድረዋል፤ ዝንብ መጠምጠምና መወርወር ያስተምረዋል። በደጋ ወንዝ ላይ በመሪ የተደረገ የዝንብ መንጠቆ ጉዞ በሥነ ጽሑፍ ከተገለጸባቸው ቀደምት ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው ለማለት ይቻላል። በዚያ ታሪክ መሪው ማን ነው? የቤቱ ጌታ፣ የወንዙ ባለቤት፣ የነገሩም ሁሉ ተናጋሪ ነው። እንግዳው ይጠይቃል፤ መሪው ይመልሳል። ዕውቀቱ የመሪው መሆኑ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አይረሳም።

የኋለኞቹ ጽሑፎች ግን መሪውን ቀስ በቀስ አጠፉት። በ1886 ስለ ተንሳፋፊ ዝንብ የጻፈው ሃልፎርድና በ1910 ስለ ውኃ ውስጥ ዝንብ ጽፎ የተከራከረው ስኪውስ ነገሩን የአጥማጁና የዓሣው የሁለት ብቻ ትግል አደረጉት። በ1925 የታተመው የሄሚንግዌይ «ታላቁ ባለ ሁለት ልብ ወንዝ» ደግሞ ከጦርነት የተመለሰ አንድ ወጣት ብቻውን ድንኳን ተክሎ ትራውት ሲይዝ ያሳያል፤ በአጠገቡ ማንም የለም። እርግጥ ነው፣ ያ ወጣት የሚያጠምደው በሕይወት ባለ ፌንጣ እንጂ በሰው ሠራሽ ዝንብ አይደለም፤ ሆኖም ብቸኝነቱ ለአጥማጆች ሁሉ ምሳሌ ሆኖ ቀረ።

አሁን ያለው የቡድን ጉዞ እንግዲህ በሁለት ቅርስ መካከል ተወጥሯል። አሠራሩ የኮተን ነው፤ መሪ፣ እንግዳና መስተንግዶ አለበት። አነጋገሩ ግን የሄሚንግዌይ ነው፤ ብቸኝነትን ይሰብካል። ስድስት ወይም ስምንት ሰው፣ መሪው፣ ፈረስ ጫኙና አብሳዩ አብረው ተጉዘው ሲያበቁ ሲተረክ «እኔና ወንዙ» ይባላል። ፎቶግራፍ ሲነሣም ዓሣውን የያዘው እንግዳ ይታያል፤ ዓሣው ያለበትን ያሳየው ሰው አይታይም። እኛ እንደምናየው የዚህ ሥነ ጽሑፍ ትልቁ ጉድለት የውበት ጉድለት አይደለም፤ የምስክርነት ጉድለት ነው።

5. ስለ ይዞ መልቀቅ

አጥማጆቹ ከሁሉ አብልጠው የሚመኩበት ምግባር ዓሣውን ይዞ መልሶ መልቀቅ ነው። ይህን ሐሳብ አሜሪካዊው ሊ ዉልፍ በ1939 ባሳተመው መጽሐፍ አጥብቆ ደገፈው። ምክንያቱም ግልጽ ነበር። በአሜሪካ ወንዞች አጥማጁ እየበዛ ዓሣው እያነሰ ስለ ሄደ፣ አንዱን ዓሣ ብዙ ሰው እንዲደሰትበት ለማድረግ መልቀቅ አስፈለገ። የመንጠቆውን ግልባጭ ጥርስ ማጥፋት፣ እጅን ማራስ፣ ዓሣውን ከውኃ ሳያወጡ መፍታት የሚሉት ደንቦች ከዚህ የመጡ ናቸው።

በዚህ ምግባር ላይ ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛው ስለ አፈጻጸሙ ነው። ፈርጉሰንና ተፍትስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1992 ባወጡት ጥናት፣ እስኪደክም ድረስ የታገለ የቀስተ ደመና ትራውት ወደ አየር ሳይወጣ ሲቀር ከመቶ 12 ያህሉ ሞተ፤ 30 ሴኮንድ በአየር ላይ ሲቆይ ከመቶ 38፣ 60 ሴኮንድ ሲቆይ ከመቶ 72 ሞተ። ይህ በቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት ነው፤ በወንዝ ላይ የተደረጉ ሌሎች ጥናቶች ከዚህ ያነሰ ሞት አሳይተዋል። ቢሆንም የነገሩ አቅጣጫ አያጠራጥርም። ዓሣውን የሚገድለው መንጠቆው ብቻ ሳይሆን ፎቶግራፉም ነው። «ለቀቅሁት» ማለትና «ዳነ» ማለት አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው ጥልቅ ነው፤ ስለ መሠረቱ ነው። ይዞ መልቀቅ የተወለደው ዓሣው ተወላጅና ብርቅ በሆነበት አገር ነው። በዚያ መልቀቅ ማለት የአገሩን ፍጥረት መጠበቅ ማለት ነው። በባሌ ግን ዓሣው መጤ ነው። መጤውን ዓሣ በጥንቃቄ ወደ ወንዙ መመለስ የሚጠብቀው ምንን ነው? ወንዙን ወይስ የሚመጣውን ዓመት መዝናኛ? አንድ ሕግ ከአገሩ ወጥቶ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ቃሉ ሳይለወጥ ትርጉሙ ሊገለበጥ እንደሚችል የሕግ ተማሪዎች ጓደኞቻችን በሚገባ ያውቃሉ። ይህም ከዚያው ወገን ነው።

ከዚህም ጋር ሌላ አስተያየት አለ። ዓሣን ለመብላት ሳይሆን ለደስታ ብቻ ይዞ ማሠቃየት ተገቢ ነውን? የሚለው ጥያቄ በአውሮፓ ራሱ አልተዘጋም። በስዊዘርላንድ ከ2009 ጀምሮ ለመልቀቅ ብሎ ማጥመድ በሕግ የተከለከለ ነው፤ በዚያ አገር ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ለመብላት ብሎ ማጥመድ አለበት። እንግዲህ በአንዱ አገር የመልካም ምግባር ምልክት የሆነው በሌላው አገር ጥፋት ነው። የአገራችንም ገበሬ «ካልበላኸው ለምን ያዝኸው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አላዋቂ ነው ተብሎ ሊሳቅበት አይገባም፤ ጥያቄው የስዊስ ሕግ አውጪዎች ጥያቄ ነውና።

6. ስለ ውጤቱ

ትራውት ሥጋ በል ዓሣ ነው፤ ነፍሳትን፣ ትናንሽ ዓሣዎችንና የእንቍራሪት እጮችን ይበላል። በሌሎች አገሮች የሆነውን እንመልከት።

በደቡባዊ አፍሪካ ድራከንስበርግና በሌሶቶ ደጋ የማሎቲ ትንሽ ዓሣ የሚባል ተወላጅ አለ። በ1938 በሳይንስ ከተገለጸ በኋላ ለብዙ ዓመት ጠፍቷል ተብሎ ሲታመን ቆይቶ በ1970 በሌሶቶ ተገኘ። ዛሬ በደኅና የሚኖረው በተለይ ፏፏቴ ትራውቱን ባገደበት የወንዝ ክፍል ነው። በኒው ዚላንድም ታውንሰንድና ክራውል በ1991 ባወጡት ጥናት፣ በታይሪ ወንዝ ሸለቆ የአገሩ ዓሣ በብዛት የሚገኘው ትራውት ሊወጣው ከማይችለው ፏፏቴ በላይ መሆኑን አሳይተዋል። በአሜሪካ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች ደግሞ ቭረደንበርግ ከአንዳንድ ሐይቆች ትራውቱን አስወጥቶ ሲጠባበቅ፣ እያነሱ ሄደው የነበሩት እንቍራሪቶች እንደ በዙ በ2004 አስታውቋል።

በባሌስ? የባሌ ተራሮች በሌላ ስፍራ የማይገኙ እንቍራሪቶች አገር ናቸው። በ1991 በሳይንስ የተገለጸው የባሌ ተራራ እንቍራሪት የሚኖረው በሐረና ጫካ ፈጣን ጅረቶች ዳር ሲሆን፣ ዛሬ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወገን ተመዝግቧል። ለዚህ በምክንያትነት የሚጠቀሱት የጫካው መመንጠርና እንቍራሪቶችን የሚገድለው የፈንገስ በሽታ ናቸው። ስለዚህ ያለ መረጃ ትራውቱን ብቻ ወንጀለኛ ማድረግ አይገባም። ነገር ግን ከሦስት አገር የተገኘው ምስክርነት አንድ ነገር ያስገድደናል፤ ትራውት ያለበትንና የሌለበትን ጅረት ጐን ለጐን እያነጻጸሩ መቍጠር። ፏፏቴው ፊንጫ ሐበራ ከላይና ከታች ያለው ውኃ ለዚህ ዓይነት ጥናት የተፈጥሮ ቤተ ሙከራ ሊሆን ይችላል። ይህ ደግሞ ከውጭ እርዳታ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ መረብ፣ ማስታወሻ ደብተርና ቀዝቃዛ ውኃ የማይፈሩ ተማሪዎች ይበቁታል።

ሌላም አደጋ አለ። በ2004 በኒው ዚላንድ ደቡብ ደሴት ወንዞች ዲዲሞ የተባለ አለቱን የሚሸፍን አልጌ ተገኘ። የአጥማጆች ጫማ ሶል ከተጨመቀ ሱፍ የተሠራ ሲሆን እርጥበት ስለሚይዝ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል ተብሎ፣ በ2008 ያ ዓይነት ጫማ በዚያ አገር ተከለከለ። ባለፈው ወር በሌላ አህጉር ወንዝ የረገጠ ጫማ በዚህ ወር በወይብ ሲገባ ምን ይዞ እንደ መጣ መጠየቅ እንግዳን መናቅ አይደለም፤ ቤትን መጠበቅ ነው።

7. የሚቃወሙን ምን ይላሉ

በዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞ ሊቀርብ እንደሚችል እናውቃለን። አንደኛው፣ ጉዞው ለመሪውና ለፈረስ ጫኙ ገቢ ይሰጣል የሚል ነው። እውነት ነው፤ እኛም የምንፈልገው ገቢው እንዲቀር ሳይሆን እንዲገባው ሆኖ እንዲከፈል ነው። መሪው እንደ ሻንጣ ተሸካሚ ሳይሆን እንደ ባለ ሙያ ቢከፈለው፣ ወንዙን የሚያውቀው እርሱ ነውና፣ ከማንም የበለጠ የወንዙ ጠባቂ ይሆናል። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» የተባለውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው፣ ዓሣው አንዴ ገብቷል፤ አሁን ምን ይደረጋል? የሚል ነው። ይህም ትክክል ነው። ከረዥም ወንዝ ትራውትን ፈጽሞ ማጥፋት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን ማጥፋት ካልተቻለ፣ ወዳልደረሰበት ጅረት ተጨማሪ ማሻገርን መከልከል ይቻላል፤ የተያዘውንም መብላት ይቻላል። በዝንብ መንጠቆ ቡድን ዘንድ ይህ እንደ ነውር ቢቈጠርም በባሌ ግን ነውሩ ወደ ጥቅም ይለወጣል። በአካባቢው ዓሣ መብላት ያልተለመደ ነው ቢባል እንኳ፣ በጾም ወራት የአዲስ አበባ ዓሣ ገበያ ምን ያህል እንደሚደምቅ እናውቃለን።

ሦስተኛው፣ እናንተ ተማሪዎች በሰው መዝናኛ ምን አገባችሁ? የሚል ነው። ለዚህ መልሳችን ወንዙ ነው። ከወይብ የሚጠጣው ሕዝብ ዘንግ ከያዘው እንግዳ ይበዛል፤ በወንዙም ላይ የሚጻፈው ነገር እስካሁን በአብዛኛው የእንግዳው ጽሑፍ ነው። እኛ ዝም ካልን የወንዛችን ታሪክ በጎብኚ ማስታወሻ ብቻ ይቀራል።

8. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተመለከትነውን ባጭሩ ብንሰበስበው፣ ጉዞው እንዲቀር አንጠይቅም፤ አነጋገሩ እንዲታረም፣ ምግባሩ ከቦታው ጋር እንዲስማማ፣ ውጤቱም እንዲለካ እንጠይቃለን። ስለዚህ አራት ሐሳብ ለውይይት እናቀርባለን። ስለ ጉዞው የሚጻፈው ጽሑፍ የመሪዎችን ሙያና የነዋሪዎችን ኑሮ ይጥቀስ፤ ትራውቱም መጤ መሆኑ ለእንግዳው በግልጽ ይነገረው። በባሌ ወንዞች የተያዘ ትራውት ይበላ እንጂ የግድ ይለቀቅ አይባል። ከውጭ የመጣ ጫማና መረብ ወደ ውኃ ከመግባቱ በፊት ታጥቦ ይድረቅ። በመጨረሻም የሥነ ሕይወት ተማሪዎች የጅረቶቹን ፍጥረት እንዲቈጥሩ፣ የቋንቋና የባሕል ተማሪዎችም ለእያንዳንዱ የወንዝ ክፍል የአገሩ ሰው ያወጣለትን ስም ከሽማግሌዎች ጠይቀው እንዲመዘግቡ ይሁን።

ይህ የመጨረሻው ሥራ ከሁሉ ቀላል ይመስላል፤ ከሁሉም አስቸኳይ ነው። ጅረት ሊደርቅ፣ እንቍራሪት ሊጠፋ፣ ሽማግሌም ሊያልፍ ይችላል። በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ ወደ ባሌ የሚሄዱ ጓደኞቻችን ቢያንስ አንድ ደብተር ይዘው እንዲሄዱ አደራ እንላለን፤ መምህራኖቻችንም የሚሰበሰበውን መርምረው እንዲያርሙልን በትሕትና እንጠይቃለን።